የጋላክሲ ሙቀትና የጋላክሲ ሬዲዮ ለምን አብረው ይሄዳሉ?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂው የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋላክሲዎች በኢንፍራሬድ የሚያወጡት ጨረርና በሬዲዮ ሞገድ የሚያወጡት ጨረር ተመጣጣኝ ነው የሚል ነገር አንብቤ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ነገርኳቸው። አንዷ ተነስታ ‹ቲቸር፣ ታዲያ ኔትወርክ የበዛበት ቦታ ይሞቃል ማለት ነው?› አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን መልሱን አላውቀውም። ኢንፍራሬድ የሙቀት ጨረር ነው። ከሬዲዮ ጋር ምን አገናኘው? የሞቀ ነገር ሬዲዮም ስለሚያወጣ ነው? አንዱ ሌላውን ያመጣል? ወይስ አጋጣሚ ነው?»

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። በቅድሚያ ልጅቷን አብሽሪ ይበሉልኝ። ጥያቄዋ ቀልድ ቢመስልም ዋናውን ነገር ነው የነካችው። ሁለት ነገር አብሮ ሲሄድ ካየን አንዱን የሌላው ምክንያት ማድረግ ይቀናናል።

ደሴ ጉም በወረደበት ቀን ሰርግ ቤት ፈልገው ያውቃሉ? ድንኳኑ አይታይም። ግን ሁለት ነገር ይመራዎታል። አንዱ ከጓሮ የሚመጣው የማገዶ ጭስ ነው። ሌላው የስፒከሩ ጩኸት። ሰርጉ ትልቅ ከሆነ ጭሱም ይበዛል፣ ጩኸቱም ይበዛል። ጭሱ ግን ዘፈን አይወልድም። ዘፈኑም እሳት አያነድም። ሁለቱንም ያመጣው ሰርጉ ነው።

በጋላክሲ ውስጥ ሰርጉ የግዙፍ ኮከቦች መወለድ ነው። ይኼው ነው መልሱ። ነገር ግን እዚህ ላይ ካቆምኩ ዋናውን ሳልነግርዎት መቅረቴ ነው። ጭስና ጩኸት አብረው መብዛታቸው አይገርምም። የሚገርመው፣ በትንሽ ቤትም በትልቅ አዳራሽም፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈርም በጄኔሬተርም፣ የሁለቱ ምጣኔ ሁልጊዜ ያው መሆኑ ነው። ይኼ ነገር 40 ዓመት ሲያከራክረን ቆይቷል።

ከአቧራው ልጀምር።

እኔ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ስመላለስ ሐረጎን ስንት ጊዜ እንደወጣሁና እንደወረድኩ አልቆጠርኩትም። ክረምት ላይ ሐረጎ ጉም ሲለብስ ያውቁታል። ሾፌሩ ረጅሙን መብራት ሲያበራ ጉሙ ነጭ ግድግዳ ሆኖ መልሶ ዓይኑ ላይ ይወረውርበታል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ቀኝህን ያዝ! ቀኝህን ያዝ!» ይላል። ተሳፋሪው ዝም ብሏል። የመኪናው ሬዲዮ ግን ምንም አልሆነም፤ ዘፈኑ እንደቀጠለ ነው። የዓይን ብርሃን ሞገዱ ከአንድ ማይክሮን (ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ) ያነሰ ስለሆነ የጉሙ ጠብታ ይበትነዋል። የኤፍ ኤም ሞገድ ደግሞ ወደ 3 ሜትር ይረዝማል። ለእሱ ጠብታው እንደሌለ ነው።

ጋላክሲም የራሱ ጉም አለው። ጉሙ ከካርቦንና ከአሸዋ ዘመዶች የተሠራ ደቃቅ አቧራ ነው፤ አንዱ ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማይክሮን እንኳ አይሞላም። ኮከቦች የሚወለዱት እዚሁ ጉም ውስጥ ነው። አዲስ የተወለደ ግዙፍ ኮከብ የሚረጨው ብርሃን በአብዛኛው አልትራቫዮሌት ነው። ያን ብርሃን አቧራው ይውጠዋል። ከውጭ የሚያይ ሰው ኮከቡን አያይም።

የተዋጠው ኃይል ግን አይጠፋም። እዚህ ጋ ቡና ላፍላ። ቡናው ሦስተኛው፣ በረካው ላይ ሲደርስ የምድጃው ከሰል አመድ ለብሷል። ቅላቱ አይታይም። ሽማግሌው ዱዓ እያደረጉ ነው፣ ስኒው ይዞራል፣ በምድጃው በኩል ያለው ጉልበትዎ ግን ይግላል። ረመጡ ብርሃኑን ለአመዱ ሰጠው፤ አመዱ በሙቀት ጨረር አወጣው። የጋላክሲው አቧራም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ብርዱ ላይ ነው። አቧራው «ሞቀ» ስንል ከ20 እስከ 50 ኬልቪን ደረሰ ማለታችን ነው። በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 220 ወይም 250 ገደማ መሆኑ ነው። እንዲህ የቀዘቀዘ ነገር ጨረሩን የሚያወጣው በሩቁ ኢንፍራሬድ፣ በ100 ማይክሮን አካባቢ ነው። የጋላክሲ ኢንፍራሬድ በአብዛኛው የተዳፈነ የኮከብ እሳት ነው።

አሁን ወደ ሬዲዮው እንሂድ። የሞቀ ነገር ሬዲዮም ያወጣል ወይ ብለዋል። ያወጣል፣ ግን ይኼን አያህልም። የ30 ኬልቪን አቧራ በ1.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ድግግሞሽ ስንት ሬዲዮ ያወጣል ብለው ቢያሰሉ፣ የሚያገኙት ቁጥር በቴሌስኮፕ ከምንለካው በብዙ ሚሊዮን እጅ ያንሳል። ሌላም ምልክት አለ። በዚህ ክልል የአቧራ ጨረር ድግግሞሹ ሲጨምር ይጠነክራል። የጋላክሲ ሬዲዮ ተቃራኒ ነው፤ ድግግሞሹ ሲጨምር ይደክማል። ከሙቀት የመጣ ነገር እንዲህ አያደርግም።

ያለ ሙቀት ሬዲዮ እንዴት ይመጣል? በልጅነታችን አያቴ ቤት አንድ የድሮ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ነበር። ክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ጦሳ ላይ ደመና ከመጥቆሩ በፊት፣ ሬዲዮው «ጭርር፣ ጭርር» ማለት ይጀምራል። አያቴ «ልብሱን አስገቡ» ትላለች። ሩቅ አገር መብረቅ እየጣለ ነው። ያን ድምፅ የሠራው የመብረቁ ሙቀት አይደለም። በአንድ ቅጽበት የተወረወረ ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪክ የተሸከመ ነገር ፍጥነቱ ወይም አቅጣጫው በተቀየረ ቁጥር ሞገድ ይለቃል።

ግዙፍ ኮከብ የሚሞተው በፍንዳታ ነው። ክብደቱ ከፀሐይ 8 እጅ ወይም በላይ የሆነ ኮከብ ነዳጁ ሲያልቅበት መሃሉ ይደረመስና ሱፐርኖቫ ይሆናል። የፍንዳታው ማዕበል በዙሪያው ያለውን ጋዝ እየገፋ ሲሄድ ኤሌክትሮኖችን እያላጋ ወደ ብርሃን ፍጥነት ያስጠጋቸዋል። እነዚህ ኤሌክትሮኖች በጋላክሲው መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ይለቀቃሉ። መስኩ ደካማ ነው፤ ከመሬት መግነጢስ በአሥር ሺዎች እጅ ያንሳል። ግን ሰፊ ነው። ኤሌክትሮኑ በመስኩ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ሲጓዝ አቅጣጫው ሁሌ ይቀየራል፤ ስለዚህ ሁሌ ሬዲዮ ያወጣል። ይኼን ሲንክሮትሮን ጨረር እንለዋለን። አንድ ተራ ጠመዝማዛ ጋላክሲ በ1.4 ጊጋኸርዝ ከሚያወጣው ሬዲዮ 90 በመቶ ያህሉ ከዚህ ነው። የቀረው 10 በመቶ በኮከቦቹ ዙሪያ ካለው ወደ 10,000 ዲግሪ ከሚደርስ ጋዝ ይመጣል። እዚያች ጋ የእርስዎ ግምት ትንሽ እውነት አለው።

እንግዲህ ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን ይዩዋቸው። ኢንፍራሬዱ ኮከቡ በሕይወት እያለ የሚመጣ ነው። ሬዲዮው በአብዛኛው ከሞተ በኋላ። 8 ፀሐይ የሚያህለው ኮከብ ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት ይኖራል። ከዚያ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው ለአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት እየዞሩ ያበራሉ። አንደኛው መንገድ አቧራ ይፈልጋል። ሌላው አቧራ ምንም አያደርግለትም፤ መግነጢስ ነው የሚፈልገው። መጠናቸውም አይገናኝም። የሬዲዮው ኃይል ጋላክሲው ከሚያወጣው ጠቅላላ ኃይል ከ10,000 አንዱን እንኳ አይሞላም። የሰርጉን ወጪ ወለል ላይ በወደቀ ሳንቲም እንደመገመት ነው። የሚገርመው፣ ግምቱ ልክ ይመጣል።

ምን ያህል ልክ? እዚህ ጋ ጠመኔ ያንሱ።

ኤም 82 የሚባል ጋላክሲ አለ። በትልቁ ድብ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው፤ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ከደሴ ሲታይ በሰሜን በኩል ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ይላል። በመጋቢት መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ሰማዩ ከጠራና በዚያ በኩል ተራራ ካልከለለዎት፣ በትንሽ ቴሌስኮፕ እንደ ደበዘዘች ሰንጣቃ ትታያለች። ውስጡ የኮከብ ፋብሪካ ነው። የጨረሩን ጥንካሬ የምንለካው በጃንስኪ ነው። ስሙ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሰማይን ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ካዳመጠው ከካርል ጃንስኪ የተወሰደ ነው። ኤም 82 በ60 ማይክሮን ወደ 1,480 ጃንስኪ ይሰጣል። በ100 ማይክሮን ወደ 1,370። በ1.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ደግሞ ወደ 7.7።

ስሌቱ ቀላል ነው። የ60 ማይክሮኑን በ2.58 ያባዙ፣ የ100 ማይክሮኑን ይደምሩበት፣ ድምሩን ለ2.98 ያካፍሉ። ይኼ የሩቁ ኢንፍራሬድ አማካይ ጥንካሬ ነው፤ 1,740 ገደማ ይመጣል። ለሬዲዮው ለ7.7 ያካፍሉት። 226። ይህን ቁጥር ይያዙልኝ።

በ2001 ሚን ዩን፣ ናቪን ሬዲና ጂም ኮንደን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ለ1,809 ጋላክሲዎች ሠሩት። አማካዩ 220 አካባቢ ወጣ። ከሦስት ጋላክሲ ሁለቱ ከዚህ አማካይ ሁለት እጅ እንኳ አይርቁም። በብርሃን መጠን ግን ትንሹና ትልቁ ጋላክሲ መቶ ሺህ እጅ ያህል ይለያያሉ። እንዲህ ያለ ነገር በሥነ ፈለክ ብዙ አይገጥምም። እኛ ሁለት እጅ ስህተትን «በጣም ትክክል» የምንል ሰዎች መሆናችንንም ልብ ይበሉ።

ነገሩን መጀመሪያ ያየው ሆላንዳዊው ፒት ቫን ደር ክሩይት ነው፤ በ1971 እና በ1973። ያኔ የነበረው መረጃ ጥቂት ጋላክሲ ነበር፣ ያውም በ10 ማይክሮን። ኢንፍራሬድና ሬዲዮ በግራፍ ላይ አብረው የሚሠሩት መስመር የታየ የታየ መስሎ ቀረ። ያስቸገረው ኢንፍራሬዱ ነው። የአየራችን እርጥበት የሩቁን ኢንፍራሬድ ስለሚውጠው ከምድር አይለካም። በጥር 1983፣ በእኛ ጥር 1975፣ ኢራስ የተባለች ሳተላይት ወጣች። መስታወቷ 57 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በፈሳሽ ሂሊየም እየቀዘቀዘች ሂሊየሙ እስኪያልቅ 10 ወር ሠራች፤ በ10 ወር ውስጥ ሰማዩን ከሞላ ጎደል ጨረሰችው። በ1985 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በቴዬ ደ ዮንግ አንዱ በጆርጅ ሄሉ የሚመሩ፣ መስመሩን በግልጽ አወጡት። 1985 ማለት ባብዛኛው የእኛ 1977 ነው። 1977 ሲባል የወሎ ሰው ልቡ የት እንደሚሄድ ያውቃሉ። ያን ዓመት እዚህ ወደ ሰማይ የሚታየው ዝናብ ፍለጋ ነበር።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ለምን እንዲህ ጠበቀ?

በጣም የምወደው መልስ የጀርመናዊው ሃይንሪክ ፎልክ ነው፤ በ1989 ያወጣው። በደሞዝ ልንገርዎት። የመምህር ደሞዝ መቼም ወር አይደርስም፣ ይቅር ይበሉኝ። አንዱ በ10 ቀን ይጨርሰዋል። አንዱ ቆጥቦ በ29ኛው ቀን። ሰኞ ገበያ ያለው ነጋዴ ግን በወሩ መጨረሻ የሚያገኘው ያው ሙሉ ደሞዙን ነው። የአጨራረሱ ፍጥነት ለነጋዴው ምንም አይደለም፤ ብቻ ሰውየው ከተማውን ሳይለቅ ይጨርስ። ኤሌክትሮኑም እንደዚሁ ነው። መግነጢሱ ጠንካራ ከሆነ ኃይሉን ቶሎ ያጠፋል፣ ደካማ ከሆነ ቀስ ብሎ። ጋላክሲው ውስጥ እስከጨረሰው ድረስ የሚወጣው ሬዲዮ በመግነጢሱ ጥንካሬ አይወሰንም። የሚወሰነው በመጀመሪያው ደሞዝ፣ ማለትም በሱፐርኖቫው ብዛት ነው። በአቧራው በኩልም አቧራው ወፍራም ከሆነ አልትራቫዮሌቱን ሁሉ ይውጣል፤ ትንሽ ቢወፍር ትንሽ ቢሳሳ ለውጥ የለውም። ሁለቱም ወገን ያገኘውን ሙጥጥ አድርጎ ያወጣል። ስለዚህ ሁለቱም የሚቆጥሩት አንድ ነገር፣ የግዙፍ ኮከቦችን ቁጥር ነው።

ያምራል። ችግሩ እንደ ኤም 82 ላሉት ይሠራል እንጂ ለትንንሾቹ አይሠራም። በትንንሽ ጋላክሲዎች አቧራው ስስ ነው። አልትራቫዮሌቱ በአብዛኛው ሳይዋጥ ያመልጣል። ስለዚህ ኢንፍራሬዱ ከኮከቦቹ ቁጥር በታች ይሆናል። መስመሩ እዚህ ጋ መሰበር ነበረበት። አልተሰበረም። ምክንያቱን በ2003 ኤሪክ ቤል በደንብ አሳየ፦ በነዚሁ ትንንሽ ጋላክሲዎች ኤሌክትሮኖቹም ደሞዛቸውን ሳይጨርሱ ከተማውን ጥለው ይወጣሉ። ሬዲዮውም በዚያው መጠን ያንሳል። ሁለቱም ቆጣሪዎች ይዋሻሉ፣ ግን እኩል ይዋሻሉ። በባለሙያዎቹ ዘንድ «ሴራው» የሚባለው ይኼ ነው። ሁለት ምስክር ተማክሮ አንድ ዓይነት ውሸት ሲናገር ዳኛው ምን ያድርግ?

በሌላው ጫፍም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ኮከብ በብዛት በሚወለድበት እጅግ ጥቅጥቅ ባለ ጋላክሲ ኤሌክትሮኑ ደሞዙን የሚያጠፋው ሰኞ ገበያ ብቻ አይደለም። ከጋዙ ጋር ይጋጫል፣ ብርሃኑንም ይገፋል፤ ሁለቱም ኃይሉን ይበሉበታል። ሬዲዮው መቀነስ ነበረበት። ብራያን ላኪና ባልደረቦቹ በ2010 ባቀረቡት ሐሳብ፣ በዚያው ጥቅጥቅ ጋዝ ውስጥ ፕሮቶኖች ሲጋጩ አዳዲስ ኤሌክትሮኖች ይወለዳሉ። እነሱ የጎደለውን ይሞላሉ። እኔ ይኼን ሐሳብ ስሌቱን አይቼ አምኜበታለሁ፤ ሆዴ ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ተጣፍተው ዜሮ ሲሆኑ ሁሌ ይከነክነኛል።

መስመሩን ጥሰው የሚወጡም አሉ። ዋናዎቹ መሃላቸው ላይ ያለ ግዙፍ ብላክ ሆል ቁስ እየበላ ጄት (ወደ ውጭ የሚፈናጠር ቀጭን የቁስ ጅረት) የሚተፋ ጋላክሲዎች ናቸው። ሲግነስ ኤን ይውሰዱ። በ1.4 ጊጋኸርዝ ከ1,500 ጃንስኪ በላይ ይሰጣል። በ60 ማይክሮን የሚሰጠው ጥቂት ጃንስኪ ብቻ ነው። የ220ው ሒሳብ ተገልብጦ ከአንድ በታች ይወርዳል። እዚያ የሚጮኸው የሰርግ ስፒከር አይደለም፤ ሰርግ የሌለበት ሰፈር ላይ የቆመ የማስታወቂያ መኪና ነው።

ይህን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የተማርኩት። ተማሪ እያለሁ ከመቶ በላይ ጋላክሲ በግራፍ ላይ አስቀምጬ ነበር። ሁሉም መስመሩ ላይ ተደርድረዋል። አንዱ ግን ብቻውን ርቆ ቆሟል፣ ሬዲዮው ከሚጠበቀው በብዙ እጅ ይበልጣል። አዲስ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። ርዕስ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። አማካሪዬ ግራፉን አንዴ አየውና «ከጀርባው ምን እንዳለ አይተሃል?» አለኝ። የሬዲዮውን ምስል ከፍቼ በቅርብ ሳየው፣ ድምፁ ከእኔ ጋላክሲ መሃል አልነበረም። ትንሽ ወደ ጎን ያለች፣ እጅግ ሩቅ የሆነች ባለ ብላክ ሆል ጋላክሲ ነበረች የምትጮኸው። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ቆጥሬያለሁ። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ መስመሩን የምጠቀምበት ለዚሁ ነው። ከመስመር የወጣ ነጥብ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከጀርባ ማን አለ?» ነው፣ ቀጥሎ «ውስጡ ብላክ ሆል አለ?» ነው።

ይኼ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ካሉኝ፣ በዋናነት የኮከብ ልደት መዝገብ ለመያዝ ነው። በተራ ብርሃን ከቆጠርን አቧራው ይደብቅብናል። ሬዲዮው ግን እንደ ሐረጎው ዘፈን ጉሙን ሰንጥቆ ይመጣል። መስመሩ ሬዲዮውን ወደ ኮከብ ቁጥር ይተረጉምልናል። ኢንፍራሬዱን የሚለካ መሣሪያ ደግሞ አሁን እጥረት አለ። 3.5 ሜትር መስታወት የነበረው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሄርሼል ሂሊየሙ በ2013 አለቀ። የጠፈር ቴሌስኮፑ ጄምስ ዌብ ጥሩ ነው፣ ግን ከ28 ማይክሮን ብዙም አያልፍም፤ 100 ማይክሮን አያይም። ሬዲዮው ግን ከምድር ይለካል፣ ያውም ከአፍሪካ። ደቡብ አፍሪካ ካሩ በረሃ ውስጥ ያለው ሚርካት የተባለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ እያንዳንዳቸው 13.5 ሜትር የሆኑ 64 ሳህኖች አሉት። እኛ እንጦጦ ላይ ያሉን ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የዓይን ብርሃን ናቸው፤ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። በዚህ ትንሽ እቀናለሁ።

አንድ ያልተፈታ ነገር ግን አለ። ሩቅ ጋላክሲ ስናይ የድሮውን ዘመን ነው የምናየው። በዚያ ዘመን ከታላቁ ፍንዳታ የቀረው ጨረር ዛሬ ካለው እጅግ ይበረታ ነበር። አጽናፈ ዓለም የዛሬውን ሲሶ ሲያህል፣ የዚያ ጨረር ጥግግት 81 እጅ ነበር። ኤሌክትሮኖቹ ደሞዛቸውን ለእሱ መገበር ነበረባቸው፤ ሬዲዮው መድከም ነበረበት። የሚታየው ግን አልደከመም። እንዲያውም አንዳንድ ልኬቶች ሬዲዮው ከኢንፍራሬዱ አንጻር ትንሽ እንደጨመረ ያሳያሉ። በ2021 ኢቫን ዴልቬኪዮና ባልደረቦቹ ለውጡን የሚወስነው በዋናነት ዘመኑ ሳይሆን የጋላክሲው የኮከብ ክብደት ነው አሉ፤ ከባዶቹ ሬዲዮ ይበዛባቸዋል። የተደበቁ ትንንሽ ብላክ ሆሎች ጩኸት ተቀላቅሎበት ይሆን? መግነጢሱ በርትቶ ይሆን? ክርክሩ አላለቀም። ለእኔ መግነጢሱ ላይ ነው ልቤ ያለው።

አሁን የልጅቷን ጥያቄ። ኔትወርክ የበዛበት ቦታ በዚህ ምክንያት አይሞቅም። የስልክ ሞገድና የጋላክሲው 1.4 ጊጋኸርዝ ግን በእርግጥ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ስልኮች ከዚያ ከፍም ዝቅም ባሉ ድግግሞሾች ይሠራሉ። እንዲያውም ከ1,400 እስከ 1,427 ሜጋኸርዝ ያለው ክፍል ማንም እንዳያሰራጭበት በዓለም አቀፍ ስምምነት ለሰማይ አድማጮች ተጠብቋል። ይኼን ይንገሯት፣ ደስ ይላታል። ደግሞ አንድ ነገር ትክክል ናት። ፒያሳ ላይ ሰው ሲበዛ ኔትወርኩም ይጨናነቃል፣ ምጣዱም ምድጃውም ይበዛል። አብረው ይሄዳሉ። ሁለቱንም ያመጣው ሰው ነው።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ ልስጥዎት። አርፕ 220 የሚባል ጋላክሲ አለ፤ ሁለት ጋላክሲዎች ተጋጭተው እየተዋሃዱ ያሉበት፣ 250 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ። በ60 ማይክሮን 104 ጃንስኪ፣ በ100 ማይክሮን 115፣ በ1.4 ጊጋኸርዝ 0.33። ሰሌዳው ላይ ይጻፉላቸውና በኤም 82 መንገድ ይሥሩት። ካልኩሌተር አይስጧቸው። 390 አካባቢ ከመጣላቸው ልክ ናቸው። ከዚያ ለምን ከ220 በለጠ ብለው ይጠይቋቸው። ፍንጭ ካስፈለጋቸው፣ የአርፕ 220 መሃል ጋዙ እጅግ የተጠቀጠቀ ነው ይበሏቸው፤ እንዲህ ያለ ጋዝ ሬዲዮን ራሱንም በከፊል ሊውጥ ይችላል። ያቺ ልጅ የምትለውን ይጻፉልኝ።